ንቅሳት፦ ከአንገት ወደ አናት

«ራስ ሳይጠና ጉተና» ይላል የሀገሬ ሰው፣ ከአቅሙ በላይ ለጌጥ የሚቸኩለውን ሲገሥጽ። ተረቱ ከተግሣጹ ባሻገር አንድ ነገር ሹክ ይለናል፤ ጸጉር በእኛ ዘንድ ከዕድሜና ከማዕርግ ጋር የተቆራኘ ነገር ነበር። ጉተና ለጠና ራስ የተገባ ጌጥ ነው። ታዲያ ራሱ ጠንቶ ጉተናው የከዳው ሰውስ? ዕድሜው ለወግ ሲደርስ ጸጉሩ ከግንባሩ እያፈገፈገ፣ አናቱ ላይ እየሳሳ ለሄደበት ሰው ተረታችን ምን ይለዋል? ምንም አይለውም። ዝም ነው።

ዘመናችን ግን ለዚህ ዝምታ አንድ መልስ አምጥቷል፤ የራስ ቆዳ ንቅሳት። ጸጉሩ የሳሳበት ሰው ራሱን አሳጥሮ ይላጭና፣ ባለሙያው በቀጭን መርፌ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ጥቁር ነጠብጣቦችን በራስ ቆዳው ላይ ይተክልለታል። ከሩቅ ሲታይ ትናንት ተላጭቶ ዛሬ ብቅ ያለ ጸጉር ይመስላል። ፈረንጆቹ ረዥም ስም ሰጥተውታል፤ ማይክሮፒግመንቴሽን። ስሙን ገፈን ሥራውን ብናየው ግን መርፌ፣ ጥቁር ቀለም፣ ቆዳ፣ ቅርፊትና ትዕግሥት ነው። እናቶቻችን ይህንን በአንድ ቃል ይጠሩት ነበር፤ ንቅሳት።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት የዚህን ሙያ ጉዞ ነው። አንገት ላይ ሲሆን የምናፍርበት፣ አናት ላይ ሲሆን ገንዘብ የምንከፍልበት ስለምን ሆነ?

*

አስቀድሞ ስለ ራስ እንነጋገር። በአባቶቻችን ዘመን ጸጉር እንደ ልብስ የሚነበብ ነገር ነበር። ወንድ ልጅ በሕፃንነቱ ይላጭና አናቱ ላይ ቁንጮ ይተውለታል። ከፍ ሲል ጋሜ ይሆናል። ልጃገረዲቱ ሳዱላ ናት፤ አናቷ ክብ ሆኖ ይላጫል፣ ዙሪያውን የቀረው ጸጉር ግን እንደ ዘውድ ይከባታል። ልብ በሉ! ዛሬ እኛ ወንዶች በመስታወት ፊት አይተን የምንደነግጥበት፣ መሐሉ ገላጣ ዙሪያው ጸጉር የሆነ ራስ፣ በዚያ ዘመን የልጃገረድ ጌጥ ነበር። ስትዳር ጸጉሯን ታሳድጋለች፣ ሹሩባ ትሠራለች። ጦረኛ ገድሎ ሲመለስ ጸጉሩን ይሠራል፣ ለጋ ቅቤ ይቀባል። ሐዘን የገባበት ደግሞ ይላጫል። መነኩሴ ቆብ ይጭናል፣ ቄስ ይጠመጥማል። እያንዳንዱ ራስ የባለቤቱን ታሪክ ይናገራል።

ስለዚህ ገላጣ ራስ በራሱ ነውር አልነበረም። ነውሩ፣ ነውር ከተባለ፣ ሳይመርጡት መምጣቱ ላይ ነበር። ሐዘንተኛው ወግ ስላዘዘው ይላጫል፤ ልጃገረዲቱ ባህል ስላስጌጣት ትላጫለች፤ መላጣው ግን ማንም ሳያዘው ተላጭቷል። ላሽም ያጠቃው፣ ቆረቆርም ያራገፈው፣ የዘር ጉዳይም ይሁን፣ ራሱ ያልጻፈው ታሪክ ራሱ ላይ ይነበብበታል። የሰፈር ልጆች ቀልድ የሚያርፈውም እዚያው ላይ ነው። ነቢዩ ኤልሳዕን ሳይቀር በመንገድ ላይ በራነቱን እየጠሩ ልጆች እንደተሳለቁበት በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ተጽፎ እናገኛለን።

የሚገርመው ኦሪት ዘሌዋውያን ነው። በምዕራፍ 13 ላይ ጸጉሩ የረገፈ ሰው በራ ነው እንጂ ርኩስ አይደለም ሲል ይፈርዳል። በምዕራፍ 19 ደግሞ በገላ ላይ ንቅሳት እንዳይደረግ ይከለክላል። የራስ ቆዳውን ሊነቀስ የሚያስብ ሰው በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ጠበቃውንም ከሳሹንም ያገኛል ማለት ነው።

*

ወደ ሸዋ ነገሥታት እንመለስ። እኔ የምኖርባት ለሚ ከጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ወደ ምሥራቅ የደጋው ሜዳ እየተነጠፈ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም አልፎ ወደ አንኮበር ገደል ይደርሳል። የዚህ አገር ሰው የነገሥታቱን ራስ አይቶ ያሳደገ ነው ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ፣ በ1844 ባሳተመው ሰፊ የጉዞ መጽሐፉ የንጉሡን መልክ ገልጿል። ዕድሜያቸው 40 ገደማ ነበር። ጸጉራቸው የተትረፈረፈ፣ ሽበት ጣል ጣል ያለበት፣ በጥንቃቄ ተጠቅልሎ የተሠራ ሆኖ አገኘው፤ ሲያመሳስለውም የእንግሊዙ የጆርጅ ቀዳማዊ ዘመን የጸጉር አያያዝ ትዝ አለው። ማመሳሰሉ ፈገግ ያሰኛል። የሣህለ ሥላሴ ጸጉር የራሳቸው ነበር፤ የጆርጅ ዘመን የአውሮፓ መኳንንት ግን ያንን ሁሉ ጥቅልል የሚገዙት ከሰው ሠራሽ ጸጉር ሠሪዎች ነበር። የዚያ ፋሽን መነሻም የፈረንሳዩ ሉዊ 13ኛ ናቸው፤ ጸጉራቸው ያለ ዕድሜያቸው ስለሳሳ ሰው ሠራሽ ጸጉር አደረጉ፣ መኳንንቱም ተከተሏቸው። ከእነርሱ በፊትም የሮማው ዩሊየስ ቄሣር በራነቱን በሎረል ቅጠል አክሊል ይሸፍን እንደነበር ጸሐፊው ስዌቶኒየስ ያወሳል። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 ዓመት ገደማ የተጻፈው የግብጾች የሕክምና ጥቅልል፣ ኤበርስ ፓፒረስ፣ ለበራ ራስ የአንበሳ፣ የጉማሬና የአዞ ስብ ያዛል።

የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ዐፄ ምኒልክ ናቸው። ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቀው በአንጎለላ ተወለዱ። ፎቶግራፎቻቸውን ተመልከቱ። ከግንባራቸው ጀምሮ ራሳቸውን የሸፈነ ነጭ ሻሽ ወደ ኋላ ታስሯል፤ ብዙ ጊዜም ከላዩ ሰፊ ባርኔጣ አለ። በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ በተቀረጸው ብር ላይ ደግሞ ዘውድ ደፍተዋል። ፎቶግራፉ ሻሽ፣ ብሩ ዘውድ ነው። ከሻሹ በታች ጸጉራቸው ሳስቶ እንደነበር በአገራችን ሲነገር የኖረ ወግ ነው። አያት በጥቅልል ጸጉራቸው የታወቁ፣ የልጅ ልጅ በሻሻቸው የታወቁ! እኔ ይህን ሳስብ የሚታየኝ የንጉሡ ጥበብ ነው። የሸፈኑበት ነገር ራሱ የመልካቸው ምልክት ሆኖ ቀረ። ዛሬ ምኒልክን ሊሥል የተነሣ ሠዓሊ አስቀድሞ የሚሥለው ሻሹን ነው።

*

አሁን ወደ መርፌው እንምጣ። «ነቀሰ» የሚለው ግሥ ሁለት ፊት አለው። እሾህ ከእግር ማውጣትም መንቀስ ነው፤ ቀለም ወደ ቆዳ ማስገባትም መንቀስ ነው። አንዱ ያወጣል፣ አንዱ ያስገባል፣ መርፌው ግን አንድ ነው። ድድ ላይ ሲሆን ደግሞ «ውቅራት» ይባላል፤ ወፍጮ ሲደነዝዝ ድንጋዩን በመውቀሪያ እየነቆሩ ማንቃት መውቀር እንደሚባለው ሁሉ። እናቶቻችን ድዳቸውን ሲወቀሩ ጥቁሩ ድድ ጥርሱን አንጽቶ እንዲያሳየው ነው።

የአንገት ንቅሳት ጌጥም መድኃኒትም ነበር። በመሥመር በመሥመር የተደረደረው ምልክት እንደ ማርዳ አንገት ይከባል፤ እንቅርት ይከላከላል ተብሎም ይታመን ነበር። ግንባር ላይ የሚነቀሰው መስቀል ደግሞ ማኅተመ ክርስትና ነው። ቀለሙ ከምጣድና ከድስት ቂጥ፣ ወይም ከኩራዝ የሚሰበሰብ ጥላሸት ነው፤ ከቅጠል ጭማቂ ጋር ይለወሳል።

ይህ ሙያ እንዴት ይሠራ እንደነበር ከሁሉ አብልጦ የጻፈልን እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1843 መጥቶ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል እንደ አገሬው ኖረ፤ በባዶ እግሩ ሄደ፣ ጸጉሩን ቅቤ ተቀባ። መጽሐፉን በ1853 አሳተመ። እንደ እርሱ አገላለጽ ነቃሺቱ ያላት ዕቃ ጥቁር ቀለም የያዘ ማሰሮ፣ የብረት ወስፌ መሳይ መርፌ፣ ክፍት ሸምበቆና ገለባ ነው። አስቀድማ ሸምበቆውን ቀለም እየነከረች በቆዳ ላይ ክብ ታትማለች፤ ገለባውን በልኩ አጥፋ መሥመሩን ትለካለች። ንድፉ ካለቀ በኋላ ነው መርፌው የሚነሣው። በወጋችበት ላይ ደጋግማ ትመለሳለች፣ መሥመሩ እኩል እንዲሆን። ከዚያ ትኩሳት ይመጣል፤ ለማብረድም በአረንጓዴ ቅጠል ልቁጥ ይለበጣል። ቅርፊት ይይዛል። ቅርፊቱን ግን መላጥ ክልክል ነው፤ በራሱ ጊዜ ይርገፍ ይባላል። ከረገፈ በኋላ ምልክቱ የማይጠፋ ይሆናል። እንዲያውም የአገሬው ሰው ንቅሳቱ ሥጋ ከፈረሰ በኋላ በአጥንት ላይ ሳይቀር ይታያል ብሎ እንደሚያምን ፓርኪንስ ጽፏል።

ለእኔ ግን ከሁሉ የደነቀኝ ያው ሐሪስ በሸዋ ያየው ነው። የሸዋ ሴቶች ቅንድባቸውን እየነቀሉ ያስወግዱና በቦታው ቀጭን ቅስት በሰማያዊ ቀለም ይሞሉበት ነበር። አስተውሉ! ጸጉር በነበረበት ቦታ ላይ የጸጉርን አምሳያ በቀለም መተካት በለንደንም በኢስታንቡልም ከመሰማቱ በፊት፣ በ1840ዎቹ፣ እዚሁ በአንኮበር ዙሪያ የሚታይ ፋሽን ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ የውበት ሳሎኖች ማይክሮብሌዲንግ እየተባለ የሚሠራው የቅንድብ ንቅሳት የሸዋ ቅድመ አያቶቻችን አዲስ ነገር አይሆንባቸውም ነበር።

*

መርፌው ከእነዚያ ሴቶች እጅ ወደ ኤሌክትሪክ የተሻገረበት መንገድ የቢሮ ሠራተኛ ለሆነ ሰው ልዩ ጣዕም አለው። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1876 አንድ የኤሌክትሪክ ብዕር የፈጠራ መብት አወጣበት። ብዕሩ ወረቀትን በጥቃቅን ቀዳዳ እየወጋ ስቴንስል ያዘጋጃል፤ በቀዳዳዎቹ ቀለም ሲገባ ደብዳቤው ይባዛል። ለጽሕፈት ቤት የተሠራ መሣሪያ ነበር። በ1891 ሳሙኤል ኦራይሊ የተባለ የኒውዮርክ ነቃሽ ያንኑ አሠራር አሻሽሎ የኤሌክትሪክ ንቅሳት መሣሪያ የፈጠራ መብት ተሰጠው። ደብዳቤ ለማባዛት የታሰበው መርፌ በሰው ቆዳ ላይ መጻፊያ ሆነ።

ጸጉር የሚሳሳበትን ምክንያት ለማወቅ ጊዜ ወስዷል። ጄምስ ሐሚልተን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1942 የወንዶች በራነት ከዘርና ከወንዴ ሆርሞን ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ። ሥሩ በዘር በተወሰነበት ቦታ ላይ እያነሰ፣ የሚያበቅለው ጸጉርም እየቀጠነ ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ ጸጉር መትከል መጣ፣ ሚኖክሲዲልና ፊናስተራይድ የተባሉ መድኃኒቶች መጡ። በጸጉር ምትክ ቀለምን በራስ ቆዳ ላይ መትከል በሕክምና መጽሔት የወጣው በ2001 ሲሆን፣ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ወደ ሌላው ዓለም ተዛመተ።

አሁን ሥራውን ከፓርኪንስ ጽሑፍ ጎን አስቀምጠን እንመልከተው።

ዝግጅቱ ከቀኑ አስቀድሞ ይጀምራል። የመጀመሪያው ጥያቄ ጸጉሩ ስለምን ሳሳ የሚለው ነው። ላሽ፣ ቆረቆር፣ ቁስል ወይም ሌላ የቆዳ ሕመም ካለ ሐኪም አይቶ ማከም ይቅደም፤ የታመመ ቆዳ አይነቀስም። ጠባሳው የሚያብጥ፣ ኬሎይድ የሚባለው ዓይነት ያለበት ሰው በብርቱ ያስብበት፤ ጥቁር ቆዳ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በራሱ ሥልጣን አያቁም፣ ሐኪሙን ይጠይቅ። አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው ከአልኮል መራቅ፣ ራስን በፀሐይ አለማስመታት፣ ቆዳውን አለስልሶ መያዝ፣ ቀለሙንም አስቀድሞ በትንሽ ቦታ ላይ ሞክሮ ማየት ያስፈልጋል።

ከዚያ ንድፉ ነው። ባለሙያው በእርሳስ ግንባር ላይ የጸጉሩን መነሻ መሥመር ይሥላል። ሸምበቆውና ገለባው ነው እንግዲህ! ትልቁ ውሳኔ ያለውም እዚህ ላይ ነው። የ40 ዓመት ሰው የ18 ዓመት ጎረምሳ መሥመር ቢያሠራ፣ ሐሰቱን የሚያጋልጠው ከነጥቦቹ በፊት መሥመሩ ነው። ትንሽ ገባ ያለ፣ ትንሽ ዝብርቅ ያለ መሥመር የተሻለ ይታመናል። «ራስ ሳይጠና ጉተና» እዚህ ጋ መልሶ ይሠራል ማለት ነው።

መርፌው ጥልቅ መግባት የለበትም። የነጠብጣቡ ዕጣ የሚወሰነው በጥልቀቱ ነው፤ ብዙ ከገባ ቀለሙ ይፈስስና ነጥቡ ይሰፋል፣ ይደበዝዛል። የእናቶቻችን ንቅሳት ጥቁር ሆኖ ገብቶ ሰማያዊ መስሎ የሚታየው ብርሃን በቆዳ ውስጥ ሲያልፍ ስለሚበተን ነው። ቀለሙን በቆዳችን ውስጥ ይዞ የሚያቆየው ደግሞ ራሱ ሰውነታችን ነው። በ2018 በፈረንሳይ በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ባዕድ ነገር የሚውጡ የመከላከያ ሕዋሳት ቀለሙን ውጠው ይይዛሉ፤ ሲሞቱ ይለቁታል፤ አዲሶቹ ተተክተው ይውጡታል። ንቅሳት ከሟች ወደ ተተኪ የሚተላለፍ አደራ ነው እንደ ማለት ነው።

ሥራው በአንድ ቀን አያልቅም። ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በመካከሉ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ እያረፉ መመለስ ያስፈልጋል። ነቃሺቱም በወጋችበት ላይ ደጋግማ ትመለስ እንዳልነበር!

ከዚያ በኋላ ያለው እንክብካቤ ትዕግሥት ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ራስ አይታጠብም። ላብ የሚያወጣ ሥራ፣ ዋናና እንፋሎት ይቀራል። ነጥቦቹ ላይ ትንንሽ ቅርፊት ይይዛል፣ ያሳክካል፤ አይታከክም፣ አይላጥም፣ በራሱ ጊዜ ይርገፍ። ቅርፊቱን የላጠ ቀለሙንም አብሮ ይልጣል። መጀመሪያ ላይ ጠቁሮ መታየቱ አያስደንግጥ፤ ቆዳው ሲድን ይለዝባል። መላጨት ቆዳው እስኪድን ይቆይ። ከዚያ በኋላ ሽቶ የሌለው ቅባትና የፀሐይ መከላከያ ወዳጅ ይሆናሉ፤ ቀለምን ከሚያደበዝዙት ሁሉ ፀሐይ ቀዳሚዋ ናትና። እንደ ለሚ ባለ የአፋፍ አገር፣ ፀሐይ ሳይሞቅ በሚያቃጥልበት ደጋ፣ ባርኔጣ ግድ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ ቀለሙ ይሳሳል፤ ተመልሶ መንካት ያስፈልገዋል። አጥንት ድረስ ይዘልቃል የተባለው የእናቶች ንቅሳት ነው፤ ይህኛው የሚታደስ ውል ነው።

አንድ ነገር ግን ከእናቶቻችን መንገድ መለየት አለበት፤ እርሱም የመርፌው ንጽሕና ነው። በአንድ መርፌ ብዙ ሴት ትነቀስ ነበር። በትምህርት ቤት ስለ ኤች አይ ቪ ስንማር ስለት በጋራ መጠቀም ሲወገዝ ንቅሳትም አብሮ ይጠራ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። የጉበት ቫይረስም በዚሁ መንገድ ይተላለፋል። ስለዚህ መርፌው የታሸገና በተገልጋዩ ፊት የሚከፈት፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚውል መሆን አለበት። ቀለሙም ከምን እንደተሠራ ይጠየቅ፤ የአውሮፓ ኅብረት እንኳ ከ2022 ጀምሮ በንቅሳት ቀለም ውስጥ ከ4,000 በላይ ኬሚካሎችን የገደበው በከንቱ አይደለም።

*

ባንኮች የፋይዳ መታወቂያ ምዝገባ ማካሄድ ከጀመሩ ወዲህ ሁለት የእጅ እንቅስቃሴዎችን ደጋግሜ አያለሁ። እናቶች ከካሜራው ፊት ሲቀመጡ ነጠላቸውን ወደ አንገታቸው ሳብ ያደርጋሉ፤ ንቅሳቱ እንዳይታይ ነው። ወንዶች ደግሞ «ኮፍያዎን ያውልቁ» ሲባሉ ያወልቁና፣ ባዶ አናታቸውን በመዳፋቸው አንዴ ዳበስ ያደርጉታል። ሁለቱም ዓይናቸውን ሰበር ያደርጋሉ። አንዷ በገላዋ ላይ ስላለው፣ አንዱ በራሱ ላይ ስለሌለው።

እነዚያን እናቶች ማን አሳፈራቸው? ገና በልጅነታቸው ውበት ነው ተብሎ የተነቀሱት ምልክት በከተማ «የባላገር» ተባለ፣ በትምህርት ቤት «ጎጂ ልማድ» ተባለ። የመርፌው መበከል በእርግጥ ጎጂ ነበር። ነገር ግን ከመርፌው ጋር ሰውየዋንም አብረን ነቀፍን። በውጭ አገር የሚኖሩ እኅቶቻችን ግንባራቸው ላይ ያለውን መስቀል በሌዘር እስከማስጠፋት የደረሱት በሽታ ፈርተው አይደለም፤ የሰው ዓይን ፈርተው ነው። ወንድሞቻቸው ደግሞ የሰው ዓይን ፈርተው በዚያው ዓይነት ወንበር ላይ ተቀምጠው ይነቀሳሉ። በአንዱ ክፍል ጥቁሩ ይወጣል፣ በሌላው ይገባል። ነቀሰ የሚለው ግሥ በሁለት ፊቱ።

አያቴ አንገታቸው ላይ ሦስት መሥመር አላቸው። የእኔም ግንባር ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ስለሆነ ይህን አዲስ ሙያ አንድ ቀን ነገርኋቸው።

«እማማ፣ ያኔ ሲነቀሱ አላመመዎትም?» አልኋቸው አስቀድሜ።

«ሳያምም የሚያምር ምን አለ ልጄ?» አሉኝ።

ስለ ራስ ቆዳው ሳወራላቸው መጀመሪያ ሳቁ። «ጸጉር በጥላሸት?» አሉ። ከዚያ ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ አሉኝ፦ «እኛስ ማርዳ ባይኖረን ነው አንገታችን ላይ የጻፍነው። እናንተም ጸጉር ባይኖራችሁ ነው። ምን ልዩነት አለው?»

እኔ በመጻሕፍት ስፈልገው የነበረውን እርሳቸው በአንድ ትንፋሽ ተናገሩት። የሌለንን በገላችን ላይ መጻፍ የሰው ልጅ ጥንታዊ ልማድ ነው። በ1991 በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ የተገኘው፣ ከ5,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ሰው፣ ኦትዚ ያሉት፣ በገላው ላይ 61 የጥላሸት ንቅሳቶች አሉት። ብዙዎቹ መገጣጠሚያዎቹ ባረጁበት ቦታ ላይ ያረፉ ስለሆኑ ለሕመም ማስታገሻ ሳይሆኑ አይቀሩም ይባላል። ጤና ቢያጣ ጤናን በጥላሸት ጻፈ። የሸዋዋ እመቤት ቅንድቧን ነቅላ ሌላ ቅንድብ ጻፈች። ማርዳ ያጣችው ማርዳ ጻፈች። ጸጉር ያጣውም ጸጉር ይጽፋል።

እንግዲህ መነቀስ የሚፈልግ ይነቀስ፤ መርፌው ንጹሕ፣ መሥመሩ ለዕድሜው የተገባ ይሁን፣ ቅርፊቱንም አይላጥ። መሸፈን የሚፈልግ ይሸፍን፤ ምኒልክም ሸፍነዋል። ገላጣውን ራሱን ይዞ በጠራራ ፀሐይ መሄድ የሚፈልግም በኩራት ይሂድ፤ በሕግም ንጹሕ ነው ተብሎለታል። እኔ መርፌው ዘንድ እስካሁን አልሄድሁም፤ ልሄድም ላልሄድም እችላለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። አናቱን የተነቀሰ ልጅ ከነጠላዋ በታች አንገቷን የምትሸሽግ እናት ሲያይ፣ ሙያው ከእርሷ የተወረሰ መሆኑን ያስታውስ። ያኔ ምናልባት ነጠላዋ ከአንገቷ ዝቅ ይል ይሆናል።

እናት በአንገቷ ላይ ማርዳ ብትነቀስ፣
ልጅም በአናቱ ላይ ጸጉር ቢያስነቅስ፣
ሁሉም አንድ ጥላሸት፣ አንድ ነው መርፌው፤
የሚያከብር የሚንቅ ዓይናችን ብቻ ነው።

ቸር ይግጠመን።